ተዋጊ ጀቶች ከመርከብ ላይ እንዴት ይነሣሉ? እንዴትስ ተመልሰው ያርፋሉ?

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ስለ ቀይ ባሕር በሚነገሩ ዜናዎች ውስጥ "አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ" የሚለው ስም በተደጋጋሚ ይሰማል። የየመን ሁቲዎች ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት መሰንዘር ሲጀምሩ አሜሪካ "ድዋይት አይዘንሃወር" እና "ሃሪ ትሩማን" የተባሉትን ግዙፍ መርከቦቿን በየተራ ወደ አካባቢው ልካለች። አብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ፣ የአፈር ማዳበሪያን ጨምሮ፣ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ በመሆኑ በዚህ የባሕር መስመር ላይ የሚሆነው ነገር ከገበሬው ማሳም ሆነ ከከተሜው ገበያ የራቀ ጉዳይ አይደለም።

ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ ከዚያው ከቀይ ባሕር አንድ ለየት ያለ ዜና ተሰማ። "ኤፍ ኤ 18" የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተዋጊ ጀት "ሃሪ ትሩማን" ላይ ሊያርፍ ሲል የሚያስቆመው ገመድ ሥራውን ሳይሠራ ቀረ። ጀቱ ከመርከቧ ጫፍ አልፎ ባሕር ውስጥ ሰጠመ። ሁለቱ በረራተኞች ከመቀመጫቸው ተስፈንጥረው ወጡ፤ በሄሊኮፕተርም ተነሥተው ሕይወታቸው ተረፈ። የጠፋው አውሮፕላን ዋጋ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ለመሆኑ አንድን ተዋጊ ጀት የሚያስቆመው ገመድ ምን ዓይነት ነው? በጥቂት መቶ ሜትሮች ርዝመት ላይ ጀት የሚነሣውና የሚያርፈውስ እንዴት ነው? በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ሌሎች ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭር መንገድ፣ ከባድ አውሮፕላን

አንድ አውሮፕላን ከመሬት የሚነሣው አየር በክንፎቹ ላይ በበቂ ፍጥነት ሲያልፍ ነው። ያንን ፍጥነት እስኪያገኝ ድረስ መንደርደር ይኖርበታል። የአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ከ3 ሺህ 500 ሜትር በላይ ርዝመት አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በሳሳ አየር ውስጥ ደግሞ አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ መንገድ ይፈልጋል።

"ኒሚትዝ" በሚባለው መደብ ውስጥ የሚገኙት የአሜሪካ መርከቦች ርዝመታቸው 333 ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት የእግር ኳስ ሜዳዎችን ጫፍና ጫፍ አጋጥሞ እንደ መዘርጋት ማለት ነው። ክብደታቸው ወደ 100 ሺህ ቶን ይጠጋል። ከ60 በላይ አውሮፕላኖችንና ከ5 ሺህ የማያንሱ ሰዎችን ይይዛሉ። ይህ ሁሉ ግዙፍነት ለጀት ግን አይበቃውም። መንደርደሪያ፣ ማረፊያ፣ ማቆሚያ፣ ነዳጅ መሙያና ጦር መሣሪያ መጫኛ ሁሉም በዚያው ወለል ላይ ተጨናንቀው ይገኛሉ። ለአንድ ጀት መነሻ የሚደርሰው 90 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ከዚህ ችግር ለመውጣት የመጀመሪያው ዘዴ ነፋስን መጠቀም ነው። አውሮፕላን ሊነሣ ወይም ሊያርፍ ሲል መርከቧ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ በፍጥነት ትጓዛለች። እነዚህ መርከቦች በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይችላሉ። የመርከቧ ፍጥነትና የነፋሱ ፍጥነት ሲደመሩ ቆሞ ያለው አውሮፕላን እንኳ በክንፎቹ ላይ ጠንካራ ነፋስ ያገኛል። ሲያርፍም ይጠቅመዋል። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚበር ጀት በወለሉ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ወለሉን የሚነካው በ240 ሳይሆን በ190 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። የቀረውን ሥራ የሚሠሩት ሲነሣ የሚወነጭፈውና ሲያርፍ የሚይዘው መሣሪያ ናቸው።

በእንፋሎት የሚሠራው ወንጭፍ

ወፍና ዝንጀሮ ከአዝመራው የሚከላከል ገበሬ ድንጋይን በእጁ ከመወርወር ይልቅ በወንጭፍ ቢልከው እጅግ እንደሚርቅለት ያውቃል። በመርከቧ ወለል ሥር ያለው መሣሪያም ስሙም ሥራውም ወንጭፍ ነው። የሚወነጭፈው ግን እስከ 30 ቶን የሚመዝን ጀት ነው።

በወለሉ ሥር ሁለት ረጃጅም የብረት ቱቦዎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። በውስጣቸው ፒስተኖች አሉ። ፒስተኖቹ በወለሉ ላይ በተከፈተ ቀጭን ስንጥቅ በኩል ብቅ ከሚል አንድ ጠንካራ መያዣ ጋር የተገናኙ ናቸው። የጀቱ የፊት እግር ከዚህ መያዣ ጋር ይቆላለፋል። ከኋላ ደግሞ ሌላ ማገጃ ብረት ጀቱን አጥብቆ ይይዘዋል። አብራሪው ሞተሩን እስከ መጨረሻው ኃይል ሲያደርስ ጀቱ እየተንቀጠቀጠ ይጓጓል፤ ማገጃው ግን አይለቀውም። ከጀቱ ጀርባ የቆመ ሰፊ የብረት ግድግዳ ደግሞ የሞተሩን እሳትና ነፋስ ወደ ላይ እየመለሰ ከኋላ ያሉትን ሰዎችና አውሮፕላኖች ይከላከላል።

በመርከቧ የኑክሌር ኃይል የተፈላው ውኃ ያመነጨው እንፋሎት በትልልቅ ጋኖች ውስጥ ታምቆ ይጠብቃል። ትእዛዙ ሲሰጥ ቧንቧዎቹ ይከፈታሉ፤ እንፋሎቱም ፒስተኖቹን ወደ ፊት ይገፋቸዋል። ግፊቱ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ የኋላው ማገጃ ይለቃል። ጀቱም ከ2 እስከ 3 በሚደርስ ሰከንድ ውስጥ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 265 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ላይ ይደርሳል። በዚያ ቅጽበት አብራሪው ከመቀመጫው ጋር ይጣበቃል። የ"ኤፍ ኤ 18" አብራሪዎች በዚህ ጊዜ ቀኝ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው ከፊታቸው ያለውን መያዣ ይጨብጣሉ፤ ድንገተኛው ግፊት እጃቸውን ገፍቶ መሪውን እንዳያዛባ ነው። ጀቱ ከወለሉ ሲወጣ ወንጭፉ ራሱ በውኃ በተሞላ መግቻ ውስጥ ገብቶ በጥቂት ሜትሮች ርቀት ውስጥ ቀጥ ይላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር የእንፋሎቱ ልክ ነው። የእያንዳንዱ ጀት ክብደት በጫነው ነዳጅና መሣሪያ መጠን ይለያያል። ግፊቱ ካነሰ ጀቱ መነሣት ሳይችል ከመርከቧ ፊት ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ግፊቱ ከበዛ ደግሞ የፊት እግሩ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከመወንጨፉ በፊት አንድ ሠራተኛ የጀቱ ክብደት የተጻፈበትን ሰሌዳ ለአብራሪው ያሳየዋል፤ አብራሪውም ቁጥሩ ትክክል መሆኑን በምልክት ያረጋግጣል። ሁሉም ነገር ሲሟላ አብራሪው እጁን አንሥቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሌሊት ከሆነ መብራቱን ያበራል። ይህ "ዝግጁ ነኝ" ማለቱ ነው።

ማረፍ፦ ከመነሣት የከበደው ሥራ

አውሮፕላን በየብስ ላይ ሲያርፍ አብራሪው ከመሬት ሊደርስ ሲል አፍንጫውን ቀና አድርጎ ጎማዎቹን በቀስታ ያሳርፋል። በመርከብ ላይ ይህን ያህል ቅንጦት የለም። ጀቱ በአንድ ዓይነት ዝቅታ እየወረደ መጥቶ ወለሉን በኃይል ይመታዋል። የተዋጊ ጀቶቹ እግሮች ከሌሎች አውሮፕላኖች እግር ይልቅ ወፍራምና ጠንካራ ሆነው የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ወለሉ ላይ አራት የብረት ገመዶች ከግራ ወደ ቀኝ ተወጥረዋል። በአዳዲሶቹ መርከቦች ላይ ሦስት ናቸው። ከጀቱ ጭራ ሥር የሚንጠለጠለው መንጠቆ ከገመዶቹ አንዱን መያዝ አለበት። አራት ገመድ ባለበት መርከብ አብራሪዎች የሚያልሙት ሦስተኛውን ነው። የመጀመሪያውን የያዘ ጀት ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሎ መምጣቱን ያሳያል፤ ዝቅታው ትንሽ ቢጨምር ኖሮ ከመርከቧ የኋላ ጫፍ ጋር ይጋጭ ነበር ማለት ነው።

ገመዱ ብቻውን ጀቱን አያስቆምም። ሁለቱ ጫፎቹ በወለሉ ሥር ካለ ትልቅ የሃይድሮሊክ ማሽን ጋር የተያያዙ ናቸው። ጀቱ ገመዱን ይዞ ሲጎትት ማሽኑ ውስጥ ያለው ፒስተን ፈሳሹን በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ያስገድደዋል፤ የጀቱ ጉልበትም በዚያ ይዋጣል። በዚህ መንገድ ጀቱ 100 ሜትር ያህል ተጉዞ በ2 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይቆማል። የማሽኑ ጥብቀትም እንደ ወንጭፉ ሁሉ በሚያርፈው ጀት ክብደት ልክ በየጊዜው ይስተካከላል።

ለብዙ ሰው እንግዳ የሚሆነው ጎማዎቹ ወለሉን በነኩበት ቅጽበት አብራሪው የሚያደርገው ነገር ነው። ሞተሩን አይቀንስም፤ እስከ መጨረሻው ኃይል ይጨምረዋል። ምክንያቱም መንጠቆው ገመድ መያዙን የሚያውቀው በሰከንድ ክፍልፋይ ዘግይቶ ነው። ያልያዘ እንደሆነና ሞተሩን ቀንሶ ከሆነ ከመርከቧ ጫፍ ባሕር ውስጥ ይወርዳል። ሞተሩ በሙሉ ኃይል ላይ ካለ ግን ወለሉን ነክቶ መልሶ ይነሣል፤ ዞሮም እንደገና ይሞክራል።

አብራሪው በትክክለኛው ዝቅታ እየመጣ መሆኑን የሚያውቀው በመርከቧ ግራ ጎን ባለ የመብራት መሣሪያ ነው። አረንጓዴ መብራቶች በአግድም ተሰልፈዋል፤ በመካከላቸው ደግሞ በሌንስ ውስጥ የሚያልፍ ሌላ መብራት አለ። መካከለኛው መብራት ከአረንጓዴዎቹ በላይ ከታየ ጀቱ ከፍ ብሏል፤ ከታች ከታየ ዝቅ ብሏል፤ እጅግ ዝቅ ካለ ቀይ ሆኖ ይታያል። ከመብራቱ አጠገብ የሚቆሙ፣ ራሳቸውም አብራሪ የሆኑ መኮንኖች ደግሞ እያንዳንዱን ጀት በዓይናቸው ይከታተላሉ፤ በሬዲዮም ያርሙታል። አመጣጡ ካላማራቸው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አድርገው እንዲመለስ ያዛሉ፤ ይህ ትእዛዝ ለክርክር አይቀርብም። እያንዳንዱ ማረፍ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ውጤቱም ባልደረቦች ሁሉ በሚያዩት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ከአደጋ የተወለዱ መፍትሔዎች

ይህ ሥርዓት በአንድ ጀንበር የተገኘ አይደለም። አሜሪካዊው ዩጂን ኢሊ ኅዳር 14 ቀን 1910 ከቆመች የጦር መርከብ ላይ በእንጨት ከተሠራ መድረክ ተነሥቶ በረረ። አውሮፕላኑ ከመድረኩ እንደ ወጣ ወደ ታች ወርዶ ጎማዎቹ ውኃውን ነክተው ነበር። በቀጣዩ ጥር ወር ሌላ መርከብ ላይ ሲያርፍ ያስቆሙት በሁለት ጫፎቻቸው አሸዋ የተሞሉ ከረጢቶች የታሠሩባቸው ገመዶች ናቸው። የዛሬው የብረት ገመድ አባት ያ የአሸዋ ከረጢት ነው። ኢሊ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በየብስ ላይ በሌላ የበረራ ትርኢት ሕይወቱን አጣ።

በ1917 እንግሊዛዊው ኤድዊን ደኒንግ "ፊዩሪየስ" በተባለች በመጓዝ ላይ ባለች መርከብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ። የሚያስቆመው ገመድ ስላልነበረ ባልደረቦቹ ሮጠው አውሮፕላኑን በእጃቸው ያዙት። ከአምስት ቀን በኋላ እንደገና ሲሞክር አውሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀቶች ሲመጡ ችግሩ ባሰ። በዚያ ዘመን የመርከቦቹ ወለል ቀጥ ያለ አንድ መስመር ነበር፤ ፊት ለፊት ደግሞ ሌሎች አውሮፕላኖች ይቆሙ ነበር። ገመዱን የሳተ ጀት ከመረብ ጋር፣ መረቡንም ካለፈ ከቆሙት አውሮፕላኖችና ከሰዎች ጋር ይጋጫል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ዴኒስ ካምቤል በ1951 ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነበር፦ የማረፊያው መስመር ከመርከቧ ርዝመት ጥቂት ዲግሪ ወደ ግራ ይዙር። በ1952 "ትራያምፍ" በተባለች መርከብ ወለል ላይ መስመሩ በቀለም ብቻ ተቀብቶ ተሞከረ። ገመድ የሳተ ጀት ከፊቱ ባዶ ባሕር ብቻ ስለሚያገኝ መልሶ መነሣት ቻለ። በእንፋሎት የሚሠራው ወንጭፍና በመስተዋት የሚሠራው የማረፊያ መብራትም በዚያው ዘመን የተገኙ የእንግሊዝ ሐሳቦች ናቸው። አሜሪካ ሦስቱንም ተቀብላ በመርከቦቿ ላይ ሠራችባቸው።

በቀለም የተለየ የሥራ ድርሻ

የበረራ ወለሉ እጅግ አደገኛ ከሚባሉ የሥራ ቦታዎች አንዱ ነው። የሞተር ጩኸት ንግግርን ስለማያሰማ ሠራተኞቹ የሚግባቡት በእጅ ምልክት ነው፤ ማን ምን እንደሚሠራ የሚታወቀውም በልብሱ ቀለም ነው። ቢጫ የለበሱት አውሮፕላኖችን ይመራሉ። አረንጓዴዎቹ በወንጭፉና በገመዶቹ ላይ ይሠራሉ። ሐምራዊዎቹ ነዳጅ ይሞላሉ። ቀዮቹ የጦር መሣሪያን ይይዛሉ። ነጮቹ የደኅንነትና የሕክምና ሠራተኞች ናቸው። ከበረራ በፊት ሠራተኞች በአንድ መስመር ተሰልፈው ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየቃኙ ይለቅማሉ። አንዲት ብሎን በሞተር ውስጥ ከተሳበች ጀቱን ልታጠፋ ትችላለችና።

ጥንቃቄ ሲጎድል የሚደርሰው ምን እንደሆነ በ1967 ታይቷል። ሐምሌ 29 ቀን በቬትናም አቅራቢያ "ፎሬስታል" በተባለችው መርከብ ወለል ላይ ከአንድ አውሮፕላን ሮኬት ሳይታሰብ ተተኮሰ። የሌላ አውሮፕላን ነዳጅ ፈሰሰ፤ እሳት ተነሣ፤ ቦምቦችም ፈነዱ። 134 ሰዎች ሞቱ።

አንድ የታለፈ የጥገና ደረጃ

መጋቢት 18 ቀን 2016 የሆነው ደግሞ ስለ ገመዱ ብዙ ያስተምራል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ባሕር ዳርቻ "አይዘንሃወር" ላይ አንድ ባለ ሁለት ሞተር የቅኝት አውሮፕላን እያረፈ ነበር። መንጠቆው ገመዱን በትክክል ያዘ። አብራሪዎቹ ያጠፉት ነገር አልነበረም። ነገር ግን ገመዱ በጣጥሶ ተበጠሰ፤ ጫፉም እንደ ጅራፍ ወለሉን ጠርጎ ስምንት ሠራተኞችን አቆሰለ። አውሮፕላኑ ከወለሉ ጫፍ ወርዶ ከዓይን ተሰወረ። ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ከማዕበሉ በላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ ብቅ አለ፤ በሰላምም ወደ የብስ ተመልሶ አረፈ። ያተረፈው ያ በሙሉ ኃይል የማረፍ ልማድና የአብራሪዎቹ ብቃት ነው።

የባሕር ኃይሉ ምርመራ ምክንያቱን ያገኘው ከወለሉ በታች ነው። ቀደም ሲል በማሽኑ ላይ ብልሽት ታይቶ ነበር። ብልሽቱን ያስተካከሉት የጥገና ሠራተኞች ከሥራው ቅደም ተከተል አንዱን ደረጃ አልፈውታል፤ ማሽኑም አውሮፕላኑን ቀስ በቀስ መግታት ሳይችል ቀረ። የሚመሩበት የጽሑፍ መመሪያ ስሕተት ባይኖርበትም በቂ ማስጠንቀቂያ እንዳልያዘ ምርመራው አመልክቷል። አንድ ሰው ከወለሉ በታች በመፍቻ የሚሠራው ሥራ ከወለሉ በላይ ያሉትን ሁሉ ሕይወት ይወስናል።

ሌሎች አማራጮችና አዲሱ ቴክኖሎጂ

ወንጭፍ ያላቸው መርከቦች ጥቂት ናቸው። እንግሊዝ "ኩዊን ኤልዛቤት" በተባለችው መርከቧ፣ ሕንድም በ2022 አገልግሎት ባስጀመረቻት "ቪክራንት" ላይ የሚጠቀሙት ሌላ ዘዴ ነው። የመርከቧ የፊት ጫፍ እንደ አቀበት ወደ ላይ የቀና ሲሆን ጀቱ በራሱ ሞተር ተንደርድሮ በአቀበቱ ወደ አየር ይዘላል። ይህ ርካሽና ለጥገና ቀላል ነው። ነገር ግን ጀቱ የሚይዘውን ነዳጅና መሣሪያ ይገድባል። የእንግሊዞቹ "ኤፍ 35 ቢ" ጀቶች ያለ ገመድ፣ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብለው ማረፍ ይችላሉ። የሕንድ ጀቶች ግን የሚያርፉት በገመድ ተይዘው ነው።

አሜሪካ በ2017 አገልግሎት ባስጀመረቻት "ጄራልድ ፎርድ" ላይ እንፋሎትን በኤሌክትሮማግኔት ተክታለች። ኤሌክትሪክ በሚሽከረከሩ ከባድ መዘውሮች ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ግፊቱ እንደ እንፋሎቱ በድንገት ሳይሆን በልክ እየጨመረ ስለሚሄድ ጀቱን ብዙም አያንገላታም፤ ቀላል የሆኑ ሰው አልባ አውሮፕላኖችንም መወንጨፍ ይችላል። ይሁን እንጂ አዲሱ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተደጋጋሚ በመበላሸቱ ብዙ ወቀሳ አስከትሏል። ቻይናም በ2022 ወደ ባሕር ባወረደቻት "ፉጂያን" ላይ ተመሳሳይ ወንጭፍ ገጥማለች። የማረፉን ሥራም ኮምፒውተሮች እያቀለሉት ነው፤ ቀድሞ አብራሪው በየሰከንዱ በእጁ ያስተካክለው የነበረውን አብዛኛውን ነገር ዛሬ በጀቱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ይሠራዋል።

ያም ሆኖ ቴክኖሎጂው ሰውን ከወለሉ ላይ አላስወጣውም። የ"ፎርድ" መሥሪያ ዋጋ ወደ 13 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል፤ አሜሪካም እንዲህ ያሉ 11 ግዙፍ መርከቦች አሏት። ከዚህ ሁሉ ወጪ በኋላ አንድ ጀት በሰላም ማረፉ የሚወሰነው ክብደቱን በትክክል ባነበበ ሠራተኛ፣ ገመዱን በመረመረ ጥገና ባለሙያና "ተመለስ" የሚለውን ትእዛዝ ሳይከራከር በተቀበለ አብራሪ ነው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለው የአበው ብሂል በእነዚህ መርከቦች ላይ በተግባር ይታያል። ከድሩ አንዱ ክር ከላላ ግን አንበሳው ያመልጣል፤ የ2016ቱ አደጋ ያሳየውም ይህንኑ ነው።